ሻይ ብዬ የፈረምኩበት ጠርሙስ

ክቡራትና ክቡራን፤ የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ኢቮ፤ የቲያትር ቤታችን ሰዎች፤

ይህን ከሰዓት ስላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። እነዚህን ዳቦዎች በድንች ሰላጣና በአሳማ ሥጋ የሸፈነችው እጅ የማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ እንቁላሉን እንደዚህ አጣማ የምትቆርጥ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ናት። ሲሞና፣ ተባረኪ። ነገ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ትረከቢያለሽ፤ ቢላዋውንም አብረሽ ተለማመጂ። አበባውንም አየሁት፤ አመሰግናለሁ። ከራሴ መደርደሪያ የወጣ የጨርቅ አበባ አለመሆኑን ለማረጋገጥ አንዱን ቅጠል በጥፍሬ ጫርኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ። የአርባ አምስት ዓመት ልማድ ነው።

በዚህ ቤት ምስጋና እንደሚያስፈራ ታውቃላችሁ። ወደ መድረክ ለሚወጣ ሰው «አንገትህ ይሰበር» እንለዋለን፤ እሱም ዝም ብሎ ይወጣል። «አመሰግናለሁ» ካለ ያን ምሽት አንድ ነገር ይበላሻል። እኔ አሁን ሦስት ጊዜ አመስግኛለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ይበላሻል። አስቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሳቃችሁ። ጥሩ።

አቶ ኢቮ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። «ወይዘሮ ያርሚላ፣ አንድ ሁለት ትዝታ፣ የሚያስቅ ነገር፣ ከዚያ ብርጭቆ እናነሣለን» ነው ያሉኝ። የሚያስቅ ነገር አለኝ። አምስት ደቂቃ ግን አይበቃኝም። ይቀመጡ።

ልናገር የቆምኩት ስለ አንድ ጠርሙስ ነው። በሰኔ አሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ በመዝጊያው ትርኢት ላይ፣ በኦታካር ሃቭርዳ ጠርሙስ ውስጥ ብራንዲ የጨመረው ማን እንደሆነ ልነግራችሁ ነው። ሰኞ ማተሚያ ቤት የሚገባው የመቶኛ ዓመት መጽሐፋችን ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ የአንድ ሰው ስም ይዟል። ስሙ የተሳሳተ ነው። የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እሺ። ወጣልኝ። አሁን ከመጀመሪያው ልጀምር።

የመጣሁት በሰባ ዘጠኝ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ መድረክ ላይ የሚነካውን፣ የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና የሚሰበረውን ማዘጋጀት ነው። ሥጋው ከደረቅ ዳቦ፣ ወይኑ ከቼሪ ጭማቂ፣ ብራንዲው ከቀዘቀዘ ሻይ። ያኔ መድረክ ላይ እውነተኛ ነገር አልነበረም። ከመድረክ ውጭም እምብዛም አልነበረም። ሰዉ ግን ያምን ነበር። ምኑን ነበር የሚያምነው? እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

ኦታካርን በዓይናችሁ ያያችሁ እዚህ ውስጥ ሦስት ሰዎች ናችሁ። ለሌሎቻችሁ ልንገር። ረጅም ነበር፤ አንዱ ትከሻው ትንሽ ያዘነብላል። ድምፁን ሁሉም ያደንቅ ነበር፤ ችሎታው ግን ድምፁ አልነበረም። ዝምታው ነበር። አንድ ተራ ኮሜዲ ውስጥ «ጎረቤቶቻችን» የሚል ቃል ነበረው። ከቃሉ በፊት ሁለት ሰከንድ ዝም ይላል። በዚያች ሁለት ሰከንድ አዳራሹ በሙሉ የትኞቹ ጎረቤቶች በስልሳ ስምንት ከምሥራቅ በታንክ ሊጠይቁን እንደመጡ ያስታውሳል። መጀመሪያ አንድ ሰው በአፍንጫው ይስቃል። ከዚያ አምስት መቶ ሰው። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሰውዬ ከባህል ቢሮ ተልኮ ይቀመጥ ነበር። ምን ይጻፍ? የተጨመረ ቃል የለ፣ የተቀነሰ ቃል የለ። ዝምታ እንዴት ይከሰሳል?

እኛ ዘንድ ደግሞ የመዝጊያ ልማድ ነበር፤ አሁንም አለ። አንድ ተውኔት ለመጨረሻ ጊዜ ሲታይ ተዋናዮቹ ተመልካች ሳያውቅ እርስ በእርስ ይተናኮላሉ። ሻንጣ ውስጥ ጡብ ይጨመራል፤ የሚነበበው ደብዳቤ ላይ የብልግና ግጥም ይጻፋል። በሰማንያ ሦስት ኦታካር ለገና እራት የሚገዛውን ዓሣ፣ በሕይወት ያለ፣ የዋና ተዋናይቷ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ነበር። ልጅቷ መሐረብ ፍለጋ እጇን ሰደደች። ፊቷን አልለወጠችም። «መሐረቤ ርሷል» አለችና ቦርሳውን ዘጋችው። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፤ ኦታካር ደብዳቤውን የዓሣው ቅርፊት መጠቅለያ አደረገው።

የእኔ ድርሻ ጠርሙሱ ነበር። በመዝጊያ ምሽት ሻዩ እውነተኛ መጠጥ ይሆናል። ማንም አያዘኝም። ከእኔ በፊት የነበረችው ሴትዮ ታደርገው ነበር፤ ከእሷም በፊት የነበረችው። የጠጪው ሥራ ፊቱን አለመለወጥ፣ የሌሎቹ ሥራ አለመሳቅ። በዓመቱ ውስጥ የማንንም ፈቃድ የማንጠይቅበት ምሽት እሱ ብቻ ነበር። ለዚህ ነበር የምንወደው።

በሰማንያ ዘጠኝ ኅዳር ትርኢት አቁመን መድረኩ ላይ ከሰዉ ጋር ተነጋገርን። ኦታካር ፖሊስ የደበደባቸውን ተማሪዎች መግለጫ አነበበ። ሰዉ ለገዥዎቹ «ጊዜያችሁ አልቋል» ለማለት ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አንቃጨለ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ የዕቃ ክፍሉን ቁልፎች አንቃጨልኩ፤ አርባ ያህል ናቸው፣ ከሁሉም ይልቅ የኔ ሳይሰማ አልቀረም።

ኮሚኒስቶቹ ወረዱ። በየካቲት ያንኑ ኮሜዲ እንደገና አሳየን። ኦታካር ከዚያች ቃል በፊት ዝም አለ። ሁለት ሰከንድ። ሦስት። አንድ ሰው አሳለ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከፍታ ከረሜላ ፈለገች፤ የወረቀቱ ድምፅ እስከ እኔ ደረሰ።

ከመድረክ ሲወርድ በአጠገቤ አለፈ። «ያርሚልካ፣ ቃሉ የጠፋብኝ መሰላቸው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ወይ ኖራችሁታል ወይ ሰምታችሁታል። ሰዉ ቪየና እየሄደ የሱቅ መስኮት ያያል። ማታ ቴሌቪዥን ያያል። በአደባባይ የሚባለውን ነገር ለመስማት ጨለማ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ለምን? አንድ ምሽት አርባ ሦስት ሰው ገባ፤ ከነሱ ስድስቱ ዘመዶቻችን ነበሩ። ከዚያ ባሎች ከቁም ሣጥን የሚወጡባቸው ተውኔቶች መጡ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ የበር እጀታ መጠገን ሆነ። ኦታካር ለውጭ አገር ተከታታይ ፊልሞች ድምፅ ለማልበስ ፕራግ ይመላለስ ጀመር። አንድ ክረምት ሙሉ ውሻ ሆኖ ተናገረ። ቀጥሎ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ። ትራም ውስጥ ልጆች «የሳሙናው ሰውዬ» ይሉታል፤ እሱም ባርኔጣውን ያነሣላቸዋል። ይጠጣ ጀመር። እኛ ሁላችንም እንጠጣ ስለነበር ማን እንደባሰበት ለማወቅ ጊዜ ወሰደብን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መንገድ የሳትኩ ቢመስላችሁም። በዘጠና ሁለት ለድሮው ምስጢር ፖሊስ ይጠቁሙ የነበሩ ሰዎች ስም በጋዜጣ ወጣ። እዚሁ መለማመጃ አዳራሽ፣ አሁን ዳቦው ያለበት ቦታ፣ ወለሉ ላይ ዘርግተነው በጉልበታችን ተንበርክከን በጣታችን ፈለግን። ከቤታችን ሁለት ሰዎች ነበሩበት። የእኔ ስም አልነበረም። ኩራት ተሰማኝ። በሕይወቴ በማንም ላይ አንድ ቃል አልተናገርኩም ብዬ ቤቴ ሄጄ ኬክ ጋገርኩ። እውነቴን ነው፣ ኬክ ጋገርኩ። ከሰባት ዓመት በኋላ በሁለት ዓረፍተ ነገር አንድ ሰው ከዚህ ቤት አስወጣሁ። ለዚያ የወጣ ዝርዝር የለም።

ኦታካር በዘጠና ስምንት ሐምሌ ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ አልቀመሰም። በመጸው የመጨረሻውን ትልቅ ሚና ሰጡት፦ ባቡር መቆም የተወበት ጣቢያ ውስጥ የሚጠብቅ ሽማግሌ ኃላፊ። በሁለተኛው ክፍል ሦስት ብርጭቆ ብራንዲ ይጠጣል። የሚቀዳለት ረዳቱ ነው። ረዳቱን የሚጫወተው ራዲም ኮሲና ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ የቤቱ ቀልደኛ፣ የእኔን መጥረጊያ ከኮርኒስ ጋር በሚስማር የመታ ሰው።

በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ኦታካር ወደ ዕቃ ክፍል እየመጣ ጠርሙሱን ያሸት ነበር። እኔ ሌላ ነገር እንደማስተካክል ሆኜ ፊቴን አዞራለሁ። በገና ሰሞን አንድ ቀን መጣ፣ ተቀመጠ፣ ጠርሙሱን አልነካም።

«ዛሬ አያሸቱም ጌታው?» አልኩት።

«በዚህ ከተማ ውስጥ የማምነው ጠርሙስ ያንቺ ብቻ ነው» አለኝ። ለራሱም ከዚያው ሻይ ቀድቶ ጠጣ። «ስኳር ይጎድለዋል።»

ይህን ያዙልኝ።

በጸደይ የከተማው አስተዳደር ከሃያ ስምንት ተዋናዮች አሥራ አንድ ብቻ እንደሚቀሩ አስታወቀ። ማን እንደሚቀር አልተናገሩም። ሰዎች በመተላለፊያው ላይ ሲገናኙ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር፤ እንደ ድሮው። የጣቢያው ተውኔት መዝጊያ ሰኔ አሥራ ስምንት ሆነ።

የዚያን ምሽት የዕቃ ዝርዝር አሁንም አለኝ። ይኸውና። «ጠርሙስ አንድ። ብርጭቆ ሁለት። ፋኖስ አንድ። ሻይ፣ የቀዘቀዘ።» ከሥሩ ፊርማዬ። ሻይ ብዬ ፈረምኩ፤ ብራንዲ ቀዳሁ።

ለምን? ሃያ አምስት ዓመት መልስ ስደረድር ኖሬያለሁ፤ አንዱም አልበቃ አለኝ። አሥራ አንድ ወር እንዳልጠጣ አውቅ ነበር። ረሳሁ ማለት አልችልም። ሽታው ሲደርሰው ከንፈሩን ብቻ አስነክቶ ያስመስላል ብዬ አሰብኩ፤ ተዋናይ አይደል? ይህ ለራሴ የነገርኩት ነው። ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ነው። ቤቱ እየፈረሰ ነበር። ያንን የድሮውን ምሽት ፈለግሁት፤ ኦታካር ፊቱን ሳይለውጥ ሲቆም፣ እኛ ከጎን አፋችንን አፍነን፣ ሁላችንም አንድ ምስጢር ሲኖረን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አልኩ። በፍቅር ነው ያደረግሁት። ይህ ቃል ሲወጣ እንዴት እንደሚያስጠላ እየሰማሁት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ። እኔ በመድረኩ ጎን ቆሜያለሁ። ራዲም የመጀመሪያውን ቀዳ። ኦታካር ብርጭቆውን አነሣ፣ ወደ አፉ አቀረበ፣ ቆመ።

ዝም አለ።

ሁለት ሰከንድ አይደለም። አልቆጠርኩም፤ መቁጠርም አልቻልኩም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር አልተንቋቋም። ከሰማንያ ዘጠኝ ወዲህ ያልሰማነው ዝምታ ተመለሰ። ማንም አላሳለም። ኦታካር በብርጭቆው ጠርዝ ላይ አሻግሮ ወደ ጎን፣ ወደ እኔ፣ ተመለከተ። እጄ አፌ ላይ ነበር፤ ሳቅ ለመያዝ። ከዚያ ጠጣው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም። መጋረጃው ሲወርድ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ከእነሱ ውስጥ ያለቀሱ ነበሩ። ጋዜጣው «ሃቭርዳ ተመለሰ» ብሎ ጻፈ።

ተዋናይ ዕቃ አይመልስም፤ እኔ ነኝ የምለቅመው። ያን ምሽት ግን ብርጭቆውን ራሱ ይዞልኝ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ዛሬ ሻይሽ ጥሩ ነበር» አለ።

ይቅር ብሎኝ ነው? እየተሳለቀብኝ ነው? ወይስ ሊያመሰግነኝ? ድምፁን በጆሮዬ ሺህ ጊዜ መልሼ ሰምቼዋለሁ፤ በየዓመቱ ሌላ ነገር ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት አዘጋጅ፣ ጨዋ ልጅ፣ ለአንድ ትርኢት ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በየምሽቱ አንድ ኪሎ ጥሬ ጉበት። መድረኩ ባዶ ነው፤ ካሜራው የተዋናዩን ፊት ግድግዳው ላይ ያሳየዋል። «ከስፖንጅ ልሠራልህ እችላለሁ፣ ደሙን ጭምር» አልኩት። «ወይዘሮ ያርሚላ፣ እውነተኛ ካልሆነ ማን ያምናል?» አለኝ። ጉበቱን ገዛሁለት። እኔ አንድ ጊዜ እውነተኛ ነገር መድረክ ላይ አውጥቼ ነበር አላልኩትም። ለጉበት ክርክር በጣም ከባድ መልስ መሰለኝ።

ኦታካር በጋውን በሙሉ ጠጣ። በመስከረም ሆስፒታል ተመለሰ። ያን ጊዜ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ ሁላችንንም እዚህ ሰበሰቡን። «ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ማን ነው?» አሉ። እኔን ቀድመው ጠየቁኝ፤ ጠርሙሱ የኔ ነዋ።

ያልኩትን ቃል በቃል ልንገራችሁ። «እኔ የቀዳሁት ሻይ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ማን ወደ ዕቃ ክፍል እንደገባ አላውቅም።»

ሁሉም ሰው ራዲምን አየ። በዚያ መዝጊያ የኦታካርን ጫማ ከወለሉ ጋር የቸነከረው፣ ሻንጣው ውስጥ ጡብ የጨመረው እሱ ነበር። ራዲም ተነሣ። «ጫማው የኔ ነው። ጡቡ የኔ ነው። ጠርሙሱ የኔ አይደለም» አለ። ማንም አላመነውም። እኔ የቀሚሴን ቁልፍ እየቆጠርኩ ነበር። ስድስት ናቸው።

ራዲም ከአሥራ አንዱ መካከል አልሆነም። ከሌሎች ከተሞች ቲያትር ቤቶችም ሥራ ጠየቀ፤ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። እናንተ ታውቃላችሁ፣ ይህች አገር ለተዋናይ ትንሽ ናት።

በየካቲት ኦታካር ሞተ። አስከሬን ማቃጠያው ቤት፣ እንደ ወጋችን፣ ሳጥኑ ሲሄድ ሁላችንም ለማጨብጨብ ተነሣን። ሚስቱ ዳግማራ ወደ ራዲም ዞረች። «አንተ ዛሬ አታጨበጭብም» አለችው፤ ቀስ ብላ። እሱም እጆቹን ወደ ጎኑ አወረደ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። እኔ አጨበጨብኩ።

ዳግማራ ከስድስት ዓመት በፊት አረፈች። ለእሷ መንገር የነበረብኝን አሁን ለእናንተ ነው የምነግረው፤ ይህም ጉድለቱ ነው።

በጥር የመጽሐፉን ረቂቅ እንዳነብ ተሰጠኝ፤ በዕድሜ ስለምበልጥ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፦ «በመዝጊያው ምሽት ቀልደኛው ራዲም ኮሲና በጠርሙሱ ውስጥ እውነተኛ ብራንዲ ጨምሮበት፣ ታላቁ ኦታካር የሕይወቱን ምርጥ ትርኢት አሳየ።» ነጥብ። ከዚያ ፎቶግራፍ። ሞቱ ሁለት ገጽ አልፎ በሌላ ምዕራፍ ነው፤ አይገናኙም። ቆንጆ ወግ ሆኗል።

በሚያዝያ ባቡር ይዤ ኦፓቫ ከተማ ሄድኩ። ራዲም እዚያ መኪና መንዳት ያስተምራል። ፊት ለፊት ብመጣ ይሸሸኛል ብዬ በሌላ ስም የትምህርት ቀጠሮ ያዝኩ። በስድሳ አራት ዓመቴ። መኪናው መጣ፤ በሩን ከፍቼ ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ፀጉሩ ሸብቷል። አየኝ።

«ያርሚልካ፣ ቀበቶሽን እሰሪ» አለ።

አሰርኩ። እንደምንም ከቆምንበት ወጣን። ሁለት መንገድ ያህል ሄድን። መብራት ላይ ቆምን።

«ራዲም፣ ጠርሙሱን የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

«ክላቹን ርገጪ። አረንጓዴ ሆኗል።»

«እኔ ነኝ እኮ የምልህ።»

«ሰምቻለሁ። ከኋላሽ አውቶቡስ አለ፣ ክላቹን ርገጪ።»

ሞተሩ ጠፋብኝ። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ራዲም እጁን በመስኮት አውጥቶ እንዲያልፈን ምልክት ሰጠው። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ብርጭቆ። የምቀዳው እኔ አልነበርኩም እንዴ? ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ቀና ስል አንቺ ጎን ላይ አፍሽን ይዘሽ ቆመሻል።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርክም? ሁሉ ሰው ሲያይህ?»

ጣቶቹን አያቸው።

«ሁለተኛውን ቀዳሁለት» አለ። «ሦስተኛውንም። በክርኔ ነካ ባደርገው ይደፋ ነበር፤ ተሳሳትኩ እል ነበር። ግን ሰዉ ዝም ብሎ ነበር ያርሚልካ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ላበላሸው አልፈለግሁም። ስለዚህ ሲያዩኝ፣ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም ብዬ ወጣሁ።»

መጽሐፉን ነገርኩት። ልናገር እንደሆነም ነገርኩት።

«ከተናገርሽ ሁሉንም ተናገሪ፤ የኔንም። ግማሹን ከሆነ ተዪው፣ እኔ ለምጄዋለሁ።»

«ትመጣለህ?»

«አርብ ከሰዓት ተማሪ አለኝ» አለ። «በይ ሞተሩን አስነሺ። መስታወትሽን እያየሽ።»

ስለዚህ ሁሉንም ተናገርኩ። የሱን ጭምር፤ እሱ ስላዘዘኝ።

ሌላም አለ። ያን ምሽት መድረኩ ላይ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ሽታው ከመድረኩ ሥር ተቀምጣ ለተዋናዮች ቃል እስከምታስታውሰው ሴት ጉድጓድ ድረስ ወርዶ ነበር። ሁላችንም ከንፈራችንን ነክሰን ሳቅን። ከዚያ ሁላችንም አንድ ሰው አየን። ሦስታችሁ ማን እንደሆናችሁ አልናገርም። ከቅድም ጀምሮ ወለሉን እያያችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት አቶ ኢቮን በመተላለፊያው አገኘኋቸው። «ገጹ አልቋል ወይዘሮ ያርሚላ። ደግሞም ሰው እንዲህ ያለ ወግ ይወዳል። የሃያ አምስት ዓመት ነገር አሁን ማንን ይጎዳል?» አሉኝ። መጥፎ ሰው ሆነው አይደለም። ማተሚያ ቤቱ ይጠብቃል፣ ከተማው ይጠብቃል፣ መቶኛው ዓመት ይጠብቃል።

ገጹን ይዤው መጥቻለሁ። ዓረፍተ ነገሩን በእርሳስ ሰርዤዋለሁ። ከላዩ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «በመዝጊያው ምሽት የዕቃ ክፍሏ ያርሚላ ቱማ፣ ኦታካር ሃቭርዳ መጠጥ መተዉን እያወቀች፣ በሻዩ ፈንታ ብራንዲ ቀዳች። መድረኩ ላይ ያሉት አወቁ፤ ማንም አላስቆመም። በስምንተኛው ወር ሞተ። ጥፋቱ በሐሰት በራዲም ኮሲና ላይ ተጣለ።» አጻጻፉ አያምርም። የዕቃ ዝርዝር ብቻ ነው የምችለው።

ከትርኢት በፊት እያንዳንዱ ተዋናይ የራሱን ዕቃ አይቶ ዝርዝሩ ላይ እንደሚፈርም ታውቃላችሁ። እንደዚያው ይሁን። ወረቀቱ ከዚህ ይነሣል፣ እየዞረ ይሄዳል፣ አቶ ኢቮ ዘንድ ያልቃል። እዚያ ያልነበራችሁ ደግሞ የምትፈርሙት እኔ ስናገር መስማታችሁን ነው።

አመሰግናለሁ። ሦስታችሁ ወረቀቱን መጀመሪያ በመያዛችሁ አመሰግናለሁ።

ወረቀቱ ሲዞር ይህን ብርጭቆ ልናገርለት። ቅድም ሲሞና «ሻይ ነው፣ እንደምትወጂው» ብላ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ከመጀመሪያ ጀምሮ አልነካሁትም። ሸትቶኛል። ከዚህ ሽታ ጋር ሃያ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ።

አትደንግጪ የኔ ልጅ። ቀና በይ። ዛሬ የኔ መዝጊያ ነው፤ ልማዱን አክብረሽልኛል፤ ያስተማርኩሽም እኔ ነኝ። በፍቅር እንደቀዳሽው አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምነግርሽ። እኔም ያን ምሽት ልክ ያንቺ ዓይነት ፊት ነበረኝ።

ወደ ጠርሙሱ እመልሰዋለሁ። ትንሽ ፈሰሰብኝ፤ ይቅርታ፣ ጨርቁ ከመሳቢያው ውስጥ ነው። ነገ ቁልፉን ስትረከቢ አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የሚጠጣውን ሰው ምን እየጠጣ እንደሆነ ንገሪው። በመዝጊያም ቢሆን። ያኔም ይሳቃል፤ ምናልባት ትንሽ ቢቀንስ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ መመራረቅ ይገባል፣ የኔም ተራ ነው። አዳራሻችሁ አይጉደል። ከተማው ቁጥራችሁን አይቀንስ። ስትረሱ የሚያስታውሳችሁ፣ ስትወድቁ መጋረጃውን ቶሎ የሚያወርድላችሁ ሰው አይታጣ። ልጆቻችሁ ከእናንተ የተሻለ ሥራ ያግኙ፤ ካላገኙም እዚህ ይምጡ። አንድ ቀን ሰዉ እንደገና ዝም ይበልላችሁ፤ ለዚያ ዝምታ ግን ማንንም አሳልፋችሁ አትስጡ። አንገታችሁ ይሰበር። አታመስግኑኝ።

አቶ ኢቮ፣ ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ደርሷል። እርሳሱ ከጀርባው ተጣብቋል።

አይቸኩሉ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።